ባለጎማው የርግብ ቤት

ወንድሜ ሃይሰም ለሰው ቤት ሲነድፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። የሀብታሞች ሰፈር ዛማሌክ ለሚኖር ለማያውቀው የጥርስ ሐኪም ቁጭ ብድግ ሳይል ቤት ነድፎ ያስረክባል። የራሱን የሰርግ ቤት ንደፍ ሲባል ግን እርሳስ ሲቀርጽ ይውላል። እኔ እህቱ ነጋት ይህን ጉድ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ሌላ ዓይነት ወሬ ቢነግራችሁ አትስሙት፤ በተለይ ነጋሪው ጎረቤታችን ዚንሁም ከሆነ።

ቤታችን ኢምባባ ነው። ታች የአባዬ የቀለም ሱቅ አለ፤ ከሱቁ በላይ እማዬና አባዬ፤ ከእነሱ በላይ እኔ፣ ባሌን ፈትቼ ከተመለስኩ ወዲህ። ከእኔ በላይ ጣራው ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ቤት ሠርቶ አይጨርስም። የኮለኑን ፌሮ ወደ ሰማይ አስረዝሞ ይተወዋል። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሚስት አመጣለሁ ሲል ፌሮው እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? አባዬ አራት ማዕዘን ሙሉ ባላ ተክሎ ሃይሰምን ጠበቀ።

ችግሩ ሃይሰም እስኪያድግ ድረስ ቦታው ባዶ አልተቀመጠም። አባዬ፣ ሐጅ ረገብ፣ እዚያ ፌሮ መሃል የርግብ ቤት አቆመ። የርግብ ቤት ስላችሁ ሳጥን እንዳይመስላችሁ። ከሰው ሁለት እጥፍ የሚረዝም የሳንቃ ማማ ነው፤ ከሱቁ በተረፈ ቀለም ሁሉ ተቀብቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው መርከብ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጣራ ደግሞ የሥጋ ሻጩ ዚንሁም ማማ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሰላት እንዳለቀ፣ ሁለቱም ርግቦቻቸውን ይለቃሉ፤ ያፏጫሉ፤ ባንዲራ ያውለበልባሉ። የአንዱ ርግብ ተሳስታ የሌላው ጣራ ላይ ካረፈች የእሱ ሆነች ማለት ነው፤ መልስልኝ ማለት ነውር ነው። አባዬና ዚንሁም እንዲህ ሲዘራረፉ ነው የሸበቱት። ሰላም የሚባባሉት በዒድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥርሳቸውን ነክሰው።

አሁን ወደ ሰርጉ ልምጣ። ሃይሰም ያጫት ልጅ ኒቪን ትባላለች። አባቷ ሐጅ ሸውቂ ጡረታ የወጡ የባቡር ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ክፍል በር እየከፈቱ ቲኬት ሲሉ ኖሩ። ልማዱ አልለቀቃቸውም። ቤታቸው ውስጥ የተዘጋ በር ካዩ አያንኳኩም፤ ከፍተው አንገታቸውን ያስገባሉ፤ ያለውን ሰው ይቆጥራሉ፤ ይዘጋሉ። ኒቪን ከአራት እህቶቿ ጋር እዚያ ቤት ነው ያደገችው።

የቀለበቱ ቀን ሐጅ ሸውቂ ሻይ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተናገሩ።

"ልጄን የምሰጠው ላለቀ ቤት ነው፤ ለፕላን አይደለም። በዒድ ዋዜማ እመጣለሁ። ቤቱ ካለቀ ትጋባላችሁ፤ ቀለበቱ ከቀኝ እጇ ወደ ግራ ይዛወራል። ካላለቀ ከቀኙም ይወልቃል።"

"ኢንሻላህ ያልቃል፣ ሐጅ" አለ ሃይሰም።

"ኢንሻላህ የአላህ ነው። ሰዓቱ ግን ያንተ ነው። እኔ ባቡር በሰዓቱ ሳላስነሳ የዋልኩበት ቀን የለም።"

እማዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ማስነሳቱንስ አስነስቷል፤ ሲደርስ ማን አየው?" አለችኝ። ሳቄን በጠረጴዛው ጨርቅ አፈንኩት።

እንግዲህ ያኔ ጡብ ቢደረድር ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ ባልኖረ ነበር። ግን ሃይሰም የሚሠራበት ቢሮ አዲስ ዘዴ አስተምሯቸዋል። ከመንደፍህ በፊት ቤቱ የሚነካውን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርገህ አዳምጥ፤ የሚለውን በባለቀለም ወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ግድግዳ ያሉት የእኔን ግድግዳ ነው። መጀመሪያ እማዬን አስቀመጣት።

"እማዬ፣ ከቤቱ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እንድታገባ።"

"ከቤቱ ነው ያልኩሽ።"

"ቤቱ ውስጥ እንድታገባ።"

ትንሽ ሲቆይ ግን አፏ ተከፈተ። የማድቤቱ መስኮት ወደ ደረጃው ይሁን አለች፤ ምራቷ ምን እንደሠራች ከወጡ ሽታ እንድታውቅ። ከሰገነቱ ቅርጫት በገመድ ወደ ሱቁ ሲወርድ የተሰጣ ልብሷን እንዳይነካባት። አባዬ ተራው ሲደርስ፣ "የርግቦቼ ሰማይ አይነካ" ብሎ ተነሳ። እኔን ሲጠይቀኝ፣ "እኔ የምፈልገው እንዳትጠይቀኝ ነው" አልኩት። እሱ ምኑ ሞኝ፣ ቢጫ ወረቀት አውጥቶ "ነጋት፦ ብቻዋን መተው" ብሎ ጽፎ ለጠፈው። ሳቅኩ። ማታ መብራት ሳጠፋ ግን ያቺ ወረቀት ደስ አላለችኝም።

ኒቪን ስትጠየቅ አንድ ቃል ብቻ ነው የመለሰችው።

"በር።"

"ምን ዓይነት በር?"

"የሚዘጋ።"

ይህንንም ጻፈና ለጠፈ። ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ለጠፈ፤ በሌላው ላይ ሌላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይደክማል። የእማዬን መስኮት ወደ ደረጃው ሲያዞረው ምድጃው መኝታ ቤቱን ይገፋዋል። መኝታ ቤቱ ሲገፋ የእማዬ የልብስ ገመድ ቦታ ያጣል። ገመዱን ሲያሻግረው በርግቦቹ አንገት ልክ ያልፋል። ከርግቦቹ ሲሸሽ የሙሽራዋ መስኮት ዚንሁም ዓይን ውስጥ ይገባል። በየቀኑ ከካርቶን አዲስ ቤት ቆርጦ ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። በየቀኑ ያፈርሰዋል። አንዱን እማዬ ወስዳ ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠችበት፤ ከሁሉም ለቁም ነገር የበቃው እሱ ነው።

"አየሽ ነጋት" አለኝ አንድ ቀን ፀጉሩን ይዞ፣ "ይሄ ውስብስብ ችግር የሚባለው ነው። አንዱን ጫፍ ስትነኪው ሁሉም ይነቃነቃል።"

"እኛ ቤተሰብ ነው የምንለው" አልኩት።

ጣራው ላይ ደግሞ ግንበኛው ኡስታ በዩሚ ጡቡ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሃይሰም ብቅ ሲል ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ "ኢንጂነር፣ ጡቡ ሳይሠራ አረጀ፤ እኔም ከሱ ጋር" ይለዋል። ሃይሰም "ትንሽ ቆይ፣ አንድ ነገር ሳላጣራ አልጀምርም" ይላል። የሚያጣራው ነገር ግን የአልጋ ላይ ቁንጫ ነው፤ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይዘላል። ረመዳን ገባ፤ ሻዩም ቀረ። በዩሚ ባዶ እጁን እየተቀመጠ ሰማይ ማየት ጀመረ።

በረመዳን አጋማሽ ኒቪን ለሰርግ ልብሷ ልትለካ መጣች። ጨርቁን ከገዛሁ ቆይቻለሁ፤ ነጭ፣ ከባድ፣ እጅ የሚያስደስት ጨርቅ ነው። መቀስ ግን አላስነካሁትም። ሰርጉ ሳይረጋ የሙሽራ ጨርቅ የምቆርጥ ሞኝ አይደለሁም። ወገቧን እየለካሁ ሳለ፣ "አባዬ ስለ አንድ የኢስማዒሊያ ከተማ ሰው ማውራት ጀምሯል" አለችኝ።

"የምን ሰው?"

"ቤቱ ያለቀ ሰው። መብራቱ ሳይቀር ተሰቅሏል ይላል። ስለ መብራቱ ብዙ ነገረኝ። ስለ ሰውየው ግን እስካሁን ምንም አልነገረኝም።"

ሜትሩን ጠቀለልኩ። ሳልናገር ሃይሰም አዲሱን የካርቶን ቤት ተሸክሞ ገባ፤ ፊቱ በርቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጣራውን አነሳላትና ንፋሱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ጥላው የትኛው ሰዓት ላይ የት እንደሚወድቅ ይነግራት ጀመር። ኒቪን ጎንበስ ብላ አየች። ጣቷን በትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ አዟዟረች።

"በሬስ የት አለ?" አለችው።

"ምን?"

"በር ብዬህ ነበር።"

ሃይሰም አየ። እኔም አየሁ። እውነቷን ነው፤ መኝታ ቤቱ በር የለውም። በበሩ ቦታ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘ መተላለፊያ አለ።

"እሱን ገና አልወሰንኩም" አለ እየተንተባተበ። "በንፋሱ ነው የሚወሰነው፤ ንፋሱ ደግሞ በርግቦቹ፣ ርግቦቹ ደግሞ..."

"ሃይሰም" አለችው፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አንተ የማታውቀውን ስትቆጥር የምታውቀውን ረሳኸው።"

ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። ወንድሜ የካርቶን ጣራውን እንደያዘ ቀረ። እኔ ደግሞ በጾም አፌ የማልለውን ሁሉ አልኩት። ስጨርስ፣ "አሁን ቁጭ በልና አንድ በእርግጠኝነት የምታውቀውን ነገር ንገረኝ" አልኩት።

ብዙ አሰበ። "በር ትፈልጋለች" አለ።

"በል በሩን አቁም።"

በማግስቱ ጣራው ላይ የሆነውን ለማየት ስፌቴን ጥዬ ወጣሁ። ኡስታ በዩሚ በሩን ከነመቃኑ አቅፎ ቆሟል።

"ኢንጂነር፣ በሩን የት ነው የማቆመው? ግድግዳው የታለ?"

"ግድግዳው ይመጣል።"

"ግድግዳ እንግዳ ነው እንዴ የሚመጣው?"

ቢሆንም አቆመው። አባዬ ከሱቁ አረንጓዴ ቀለም አመጣ፤ ቀባው። በዩሚ በግራና በቀኙ ጡብ ደረደረ፤ በሩ ያለበት ግድግዳ ቆመ። ቁልፉ ይዞራል፤ መቀርቀሪያው ይገባል። ሃይሰም ብዙ ጊዜ ከፈተው፤ ብዙ ጊዜ ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳስ መቅረጽ ተወ። አንዱን ሲሠራ ቀጣዩ ይታየዋል። የእማዬ መስኮት እንኳ እዚያው ጡብ እየደረደሩ ሳሉ ቦታውን አገኘ፤ እማዬ ራሷ ወጥታ አፍንጫዋን ይዛ በመቆም አሳየቻቸው።

ሁለተኛው ግድግዳ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ከርግቦቹ ማማ ጋር ተጋጨ። ሁላችንም የፈራነው ይሄንኑ ነበር።

"ይነሳ ማለት ዘበት ነው" አለ አባዬ። "ርግብ ቤቷን አታውቅም፤ ቦታዋን ነው የምታውቀው። ቤቱን ብታሸሸው የነበረበት ቦታ ላይ ትመጣለች። እዚያ ሚስትህ ተኝታ ከሆነ ሚስትህ ላይ ታርፋለች። አለዚያም ሁሉም ተነስተው እዚያኛው ውሻ ጣራ ላይ ይገባሉ።"

እዚያኛው የተባለው ዚንሁም ወሬው ደርሶት ነበር። በማግስቱ ማማው ላይ አዳዲስ የርግብ ሳጥኖች በሚስማር ሲመታ ዋለ። እማዬ በመስኮት፣ "ምን እየሠራህ ነው፣ ዚንሁም?" ስትለው፣ "እንግዳ ይመጣብኛል፣ ሐጃ" አላት።

ሃይሰም ወደ አባዬ ዞረ። "አባዬ፣ ግን ሞክረህ ታውቃለህ?"

"ማን እብድ ነው የሚሞክር?"

"ስለዚህ አታውቅም ማለት ነው። እኔም አላውቅም። በአንዴ ብናነሳውና ብንሳሳት አለቀልን። ትንሽ ትንሽ ብናስጠጋውስ? ርግቦቹ ሲቀየሙ እንቆማለን።"

አባዬ ቀኑን ሙሉ አላናገረውም። ከማፍጠሪያ በኋላ ግን የረመዳኑን ጣፋጭ፣ ቃጣይፍ፣ እየበላ፣ ማንንም ሳያይ፣ "በቀን አንድ ክንድ። ከዚያ አታልፍም" አለ።

ሃይሰም ከአንድ አሮጌ የፉል ጋሪ ጎማዎች ነቅሎ አመጣና ማማው ሥር ገጠማቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ገመድ ይዘን ክንድ ታህል ጎተትነው፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደገፍን። ርግቦቹ ማምሻውን ሲመለሱ ጥቂት ዞሩ፤ የድሮው ቦታ ላይ አረፉ፤ ከዚያ አከራዩ ሳይነግረው በር እንደለወጠበት ተከራይ እያጉረመረሙ በእግራቸው ወደ ማማው ሄዱ። አንዷ ብቻ ዚንሁም ጋ ገባች። ሁላችንም አባዬን አየነው።

"እሷ ድሮም ልቧ እዚያ ነበር" አለና ባንዲራውን ጠቀለለ።

እንዲህ እያልን ማማው በቀን አንድ ክንድ ይሄዳል፤ በዩሚ ከኋላው ጡብ ይደረድራል። ደስ ይል ነበር፣ ወላሂ። ግን ዒድ በክንድ አይመጣም። ዋዜማው ሲደርስ ያለን አንድ ባለበር ግድግዳና አንድ ግማሽ ግድግዳ ነው። በሦስተኛው በኩል ማማው በጎማው ላይ ቆሟል። በአራተኛው በኩል ምንም የለም። ጣራም የለም።

ሐጅ ሸውቂ ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ኒቪንን አስከትለው ደረሱ። ሁላችንም የጾምንበት፣ ሰው ሁሉ አፉ የደረቀበትና ነገር የሚፈልግበት ሰዓት ነው። ደረጃውን ሲወጡ የእማዬን በር ከፍተው አዩ፤ ዘጉ። የእኔን በር ከፍተው አዩኝ፤ ዘጉ። ጣራው ላይ ሲደርሱ አረንጓዴው በር ፊት ቆሙ።

"ይሄ ምንድነው?"

"በር ነው፣ ሐጅ" አለ ሃይሰም።

"የምን በር?"

"የመኝታ ቤታችን።"

"መኝታ ቤቱስ?"

ሃይሰም በእጁ አየሩን አሳያቸው። ሐጅ ሸውቂ በበሩ ግራ ሄደው፣ ግድግዳው ካበቃበት ዞረው፣ በውስጥ በኩል ተመላልሰው፣ በክፍቱ በኩል ወጡ። ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩ፤ ከሰዓቱ ምን መልስ እንደጠበቁ አላውቅም።

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

ያ ረቢ፣ ዛሬ ብቻ ዋሽቶ ይለፈው ብዬ ለመንኩ።

"አላውቅም" አለ ወንድሜ። እማዬ ደረቷን ያዘች። "የማውቀውን ልንገርዎት። በሩ ይዘጋል። ማማው በቀን አንድ ክንድ ይሄዳል። እሱ ሲነሳ ግድግዳው ይቀጥላል። የቀረውን እየሠራን እናውቀዋለን።"

"እየሠራን እናውቀዋለን" ብለው ደገሙት ሐጅ ሸውቂ፣ መራራ ነገር እንደሚቀምሱ። "ባቡሩን እየነዳን ሐዲዱን እንዘረጋለን እንደማለት ነው?"

"አዎ፣ ልክ እንደሱ ነው" አለ፣ የእኛ ጉድ።

"ኒቪን። ቀለበቱን አውልቂ።"

ኒቪን አልተንቀሳቀሰችም። አባዬ ግን ተንቀሳቀሰ። የልጁ ሰርግ ዓይኑ እያየ ሲፈርስ መቆም አቃተው። "ቆይ ሐጅ፣ ይሄዳል ሲልዎት እውነቱን ነው፤ የዛሬዋን ክንድ ገና አልሄደም፣ አሁኑኑ ላሳይዎት" አለና ከጎማው ሥር ድንጋዩን መዘዘ።

ጣራ ሲሠራ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ወደ አንድ በኩል ትንሽ ዘቅዘቅ ይደረጋል። ዝናብ በዓመት አንዴ ይምጣ አይምጣ፣ ዘቅዛቃው ግን አለ። በየቀኑ ማማውን ስንጎትት ገመዱን አራት ሰው ይዞ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። አሁን ግን ገመዱን የያዘ የለም። ማማው ተንገጫገጨ፤ ተነሳ፤ ከነርግቦቹ፣ ከነቀለሙ፣ ወደ መንገዱ በኩል መውረድ ጀመረ። ጫፉ ላይ ያለው አጥር ከጉልበት አይበልጥም። ከታች ሰው ለማፍጠሪያ ዳቦ ተሰልፏል።

እኛ ሁላችን አፋችንን ከፍተን ቀረን። የሮጠው አንድ ሰው ነው። ሐጅ ሸውቂ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ሆዳቸው፣ ከማማው ጎን ሮጠው፣ እየሮጡ አንድ ጫማቸውን አወለቁና ከፊተኛው ጎማ ሥር ሰነቀሩት። ማማው አቃሰተ፤ ተንገዳገደ፤ ቆመ። ርግቦቹ በአንድ ጊዜ ፍንድት ብለው ሰማዩን ሞሉት።

"ፍሬን የሌለው ፉርጎ" አሉ ሐጅ ሸውቂ እያለከለኩ፣ ከተቆጡበት ነገር ሁሉ የባሰው እሱ የሆነ ይመስል፣ "ፍሬን የሌለው ፉርጎ ዘቅዛቃ ላይ ያቆማችሁ፣ አላህ ይቅር ይበላችሁ።"

አባዬ ግን ወደ ላይ ነው የሚያየው። ርግቦቹ ይዞራሉ፤ ማማቸው የጠዋቱ ቦታ የለም፤ የትም ሊያርፉ አልቻሉም። ማዶ ዚንሁም ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያልመው የኖረው ቀን መጥቷል፤ አንዴ ቢያፏጭ የአባዬ ርግቦች በሙሉ የእሱ ናቸው። አባዬ ለመጥራት ሞከረ፤ በጾም የደረቀ ከንፈሩ ንፋስ ብቻ አወጣ።

ዚንሁም ጣቱን ከአፉ አወጣ። "ሐጅ ረገብ" ብሎ ከማዶ ጮኸ፣ "ቶሎ ሰብስባቸው እንጂ። እኔም እኮ ሰው ነኝ፣ ብዙ አልታገስም።" ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ቁጭ አለ።

ሐጅ ሸውቂ በአንድ ጫማ ቆመው ላባ ከትከሻቸው ያራግፋሉ። ቀለበቱን ግን አልረሱትም። "ኒቪን፣ አላልኩሽም?" አሉ።

ያኔ እኔ ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድፍረት መጣብኝ። በሴት ልጅ አባት ፊት የተፈታች ሴት ዝም ትበል ይባላል። አልቻልኩም።

"የእኔ ቤት አልቆ ነበር፣ ሐጅ" አልኳቸው። "ሰርጌ ሳይደርስ ነው ያለቀው። መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ፣ የቧንቧው እጀታ ሳይቀር ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። አባዬ አይቶ አለቀሰ። ምንም የቀረው ነገር አልነበረም። እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እዚያ ቤት ውስጥ የደረሰብኝን አላህ ያውቃል። ይሄ ልጅ ኒቪን ያለችውን አንድ ነገር ሰምቶ፣ ግድግዳ ሳይኖረው እሱን አቆመ። እኔ ብሆን እዚህ በር ውስጥ በደስታ እገባ ነበር።"

ሃይሰም ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ኒቪን ቀለበቷን በሌላኛው እጇ ሸፍና ይዛ አረንጓዴውን በር ከፈተች። ገባች። ዘጋችው። ቁልፉ ሲዞር ሰማን፤ መቀርቀሪያው ሲገባም ሰማን። ከዚያ የጡብ ክምር ላይ ተቀመጠች። ከጎን በክፍቱ በኩል ጫማዋ ሳይቀር ሙሉ ለሙሉ ትታየናለች። እሷ ግን ወደ እኛ አትዞርም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን የተዘጋ በር እያየች ተቀመጠች።

ሐጅ ሸውቂ አዩዋት። ወደ ክፍቱ በኩል ሦስት አራት እርምጃ ሄዱ፤ በዚያ በኩል ገብቶ ክንዷን ይዞ ማውጣት የሚያግደው ምንም ነገር የለም። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ተመለሱ። አንድ እግራቸው በካልሲ፣ አንዱ በጫማ፣ እያነከሱ መጥተው አረንጓዴው በር ፊት ቆሙ። እጃቸው ወደ እጀታው ሄደ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እጃቸውን ጨበጡ። በሩን አንኳኩ።

"ማነው?" አለች ኒቪን ከውስጥ።

"አባትሽ ነኝ።"

መጀመሪያ ሻርፗን አስተካከለች። አይዟችሁ፣ ያን ያህል አላቆየቻቸውም፤ ለእኛ ግን ረዘመብን።

"ልግባ?" አሉ ሐጅ ሸውቂ። ድምፃቸው የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

"ግባ፣ አባዬ" አለችና ተነስታ ከፈተችላቸው።

መስጊዱ አዛን አለ። እማዬ እያለቀሰች ቴምር ማደል ጀመረች፤ ለኡስታ በዩሚ ሁለት ሰጠችው፤ ለዚንሁም በቅርጫት በገመድ ይወርድለት አለች። ርግቦቹ መዞር ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ወረዱ። ማማውም ላይ አይደለም፣ የድሮው ቦታም ላይ አይደለም። ባለበሩ ግድግዳ አናት ላይ በመስመር አረፉ፤ ሐጅ ሸውቂ ገብተው ሲወጡ አንገታቸውን ሰበር ማድረግ ነበረባቸው።

ከማፍጠሪያ በኋላ ወንዶቹ ጣራው ላይ ቀሩ። ሐጅ ሸውቂ ጫማቸውን ከጎማው ሥር ለማውጣት ሌላ የሚሰነቀር እንጨት ይጠረብ ብለው አባዬን ያዝዙታል፤ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራም ይነግሩታል፤ ቀለበቱን ግን ደግመው አላነሱም። ሃይሰም አንዴም አልተከራከረም። እኔ ወደ ክፍሌ ወረድኩ። ከግድግዳዬ ላይ "ብቻዋን መተው" የምትለዋን ቢጫ ወረቀት ላጥኩ። ነጩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ መቀሱን አነሳሁና ቆረጥኩ። ከስፌቱ ዳርና ዳር ትርፍ ጨርቅ ተውኩለት፤ መጥበብም መስፋትም ይመጣልና።